ለቮልስ መሪና የፊት እግር የትኛው ይሻላል? ነባሩ፣ ዝቅ ያለው ወይስ ሙሉ ኪት

ቮልስ የሚያድስ ሰው ቀለሙንና ሞተሩን ከጨረሰ በኋላ ከመሪው ጋር ይፋጠጣል። መሪው ይዋልላል። ፊቱ ኮብልስቶን ላይ ይንኳኳል። ጋራዥ ሄዶ ሲጠይቅ አንዱ “ነባሩን አድሰው” ይለዋል። ሌላው “ዝቅ አድርገው፣ ያምርበታል” ይላል። ሦስተኛው ከካሊፎርኒያ ወይም ከእንግሊዝ የሚመጣ ሙሉ ኪት በስልኩ ያሳየዋል። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ለሚነዳ ቮልስ የሚሻለው ነባሩን የፊት እግር እስከ መጨረሻው ማደስ ነው። “እስከ መጨረሻው” የምለው ሆን ብዬ ነው። አንድ ታይሮድ ኤንድ (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ) ቀይሮ መተው ማደስ አይባልም። ዝቅ ማድረግ የሚያስኬድበት ጊዜ አለ፤ ሙሉ ኪትም የሚገባው መኪና አለ። ግን ሁለቱም የሚመረጡት ነባሩ ምን እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለ መኪና ዋጋው ሌላ ሆኗል። ቮልስ ደግሞ እንደ ልብ የሚታደስ መኪና ነው። ሜክሲኮ ፑዌብላ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲሠራ ስለቆየ ዕቃው ዛሬም አዲስ ይገኛል። ስለዚህ ተቸኩሎ ቆርጦ መበየድ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

የቮልስ የፊት እግር ሦስት ዓይነት ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው።

እስከ 1965 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠሩት ባለ ኪንግ ፒን ናቸው፤ እግሩ ሲታጠፍ የሚዞርበት ቋሚ ፒን ማለት ነው። ከነሐሴ 1965 ጀምሮ የመጡት ባለ ቦል ጆይንት ናቸው፤ በፒኑ ፋንታ ድቡልቡል መገጣጠሚያ አላቸው። ሁለቱም ከፊት ሁለት አግድም ቱቦዎች አሏቸው። ቱቦዎቹ ውስጥ የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ ቶርሽን ባር የምንላቸው እነሱ ናቸው። መኪናው የሚቆመው በእነዚህ ብረቶች መጠማዘዝ ነው፤ ጥቅል ሞላ የለውም። ሦስተኛው ዓይነት በነሐሴ 1970 የመጣው 1302 እና ተከታዩ 1303 ነው። እነዚህ ቱቦ የላቸውም፤ እንደ ዘመናዊ መኪና ማክፈርሰን ስትራት፣ ማለት ሞላና አሞርዛተር በአንድ የተጣመሩበት እግር ነው ያላቸው።

መለየቱ ቀላል ነው። የፊት ኮፈኑን ክፈቱ። ስፔር ጎማው ቀጥ ብሎ ከቆመ ባለ ቱቦ ነው፤ ከተኛ ባለ ስትራት ነው። ባለ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ከጎማው ጀርባ ተመልከቱ። ጫፍና ጫፉ ላይ በጎማ ካፖርት የተሸፈነ ድቡልቡል መገጣጠሚያ ካያችሁ ቦል ጆይንት ነው። የቸርኬው ቡሎን ቁጥርም ይጠቁማል። እስከ 1967 ድረስ አምስት ቡሎን በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው አራት ቡሎን በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ሆነ።

ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምህረት ብቻ አትመኑ። እኛ አገር ያሉ ቮልሶች በሃምሳና ስልሳ ዓመት ውስጥ ብዙ እጅ ቀይረዋል። የ1963 መኪና ላይ የ1968 የፊት እግር ተገጥሞ ማየት የተለመደ ነው። መኪናው ሥር ገብታችሁ እዩ።

ነባሩን ማደስ

ባለ ኪንግ ፒን ከሆነ ጥንካሬው ያስደስታል። ግን ግራሶ ይፈልጋል፤ በየ2,500 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር። ግራሶ የተረሳበት ኪንግ ፒን ይደርቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ዞሮ አልመለስ ይላል። ብዙ ሰው “መሪው ከበደኝ፣ ፓወር ይገጠምልኝ” የሚለው እዚህ ላይ ነው። መኪናውን በክሪክ አንሡና ታይሮዱን ከእግሩ ፍቱት። ከዚያ እግሩን በእጃችሁ አዙሩት። እሱ ብቻውን ከከበደ ጥፋቱ ኪንግ ፒኑ ላይ ነው፤ የመሪ ሳጥኑን አትንኩ።

ኪንግ ፒን ሲቀየር ቡሹ በልኩ መጠረብ አለበት። ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። እግሩን ከክንዶቹ የሚያያይዙት ሊንክ ፒኖች ላይ ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶችም በስፍራቸው መመለስ አለባቸው። ካምበሩን፣ ማለት ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያጋድልበትን አንግል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሜካኒኩ ሲፈታ ስንት ቀለበት ከየት እንዳወጣ በፎቶ ያዙ።

ባለ ቦል ጆይንት ከሆነ ጥገናው ይቀንሳል። አራት የግራሶ ጡት ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም ቱቦው ላይ። ቦል ጆይንቱ ግን በጥሩ ማተሚያ ማሽን ተገፍቶ መውጣትና መግባት አለበት። በመዶሻ የገባ ቦል ጆይንት ካፖርቱ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ይንኳኳል።

ሰው የሚረሳው የቱቦውን ውስጥ ነው። ጎማውን ከቱቦው የሚያገናኘው እያንዳንዱ ክንድ በውጨኛው ጫፍ ባለ መርፌ ኩሽኔታ ላይ፣ በውስጥ ደግሞ ቡሽ ላይ ይቀመጣል። እነዚህ ካለቁ አዲስ ቦል ጆይንት ቢገጠምም ጎማው መወላወሉን አይተውም። ክንዱን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት ቱቦው አፍ ላይ ከተጫወተ፣ ቱቦው መፈታት አለበት። ኩሽኔታው የሚሄድበት የክንዱ ብረት ከተቦረቦረ ክንዱ ራሱ ይቀየራል።

የዚህ ምርጫ ትልቁ ጥቅሙ ማንኛውም የቮልስ ሜካኒክ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ዕቃውም ሶማሌ ተራ ተፈልጎ አይጠፋም። ከዓመታዊ ምርመራውና ከቦሎው ጋርም አያጣላም። ጉዳቱ መኪናው ከበፊቱ የተለየ አለመምሰሉ ነው። ያንን እንደ ጉዳት ለሚቆጥር ሰው የሚከተለውን ላስረዳ።

ዝቅ ማድረግ፦ በአጀስተር ወይስ በስፒንድል?

ዝቅ ያለ ቮልስ ያምራል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ዝቅ የሚደረግበት መንገድ ሁለት ነው፤ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው።

የመጀመሪያው አጀስተር ነው። የቶርሽን ባሩ ቅጠሎች ቱቦው መሐል ላይ በአንድ ብሎን ተይዘዋል። አጀስተር ያንን መያዣ እንዲዞር ያደርገዋል። መያዣው ሲዞር ክንዶቹ ወደ ላይ ይነሳሉ፣ መኪናው ዝቅ ይላል። ድሮ ነባሩን ቱቦ መሐሉን ቆርጦ አጀስተር መበየድ ነበር የተለመደው። አሁን አጀስተሩ የተገጠመለት አዲስ ቱቦ ይሸጣል። ቱቦው ከመኪናው ጋር የሚገናኘው በአራት ቡሎን ስለሆነ አዲሱን መግዛት በብዙ ይሻላል። ነባሩ ሳይቆረጥ ይቀመጣል፤ ሐሳብ ሲቀየር ይመለሳል።

የአጀስተር ችግሩ የእግሩን ጉዞ መብላቱ ነው። ክንዱ አስቀድሞ ወደ ላይ ስለተነሳ ጉድጓድ ሲያገኝ የሚሄድበት ቦታ ያጥራል። ቦል ጆይንት ደግሞ የመታጠፍ ወሰን አለው። ከ5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር በላይ በአጀስተር ብቻ ከወረደ መገጣጠሚያው ጫፉ ላይ ይጣበቃል። የተጣበቀ ቦል ጆይንት ይሰበራል። ባለ ኪንግ ፒን እግር እዚህ ላይ የበለጠ ይታገሣል፤ ዝቅ ያለ ቮልስ የሚወዱ ሰዎች አሮጌውን እግር የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዝቅ የሚያደርግ ስፒንድል ነው። ይህ ጎማው የሚሰካበትን ዘንግ ከፍ አድርጎ የተሠራ እግር ነው። የተለመደው 2 ኢንች ተኩል፣ ማለት 6.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያወርዳል። ክንዱ በነባር ቦታው ይቀራል። ቶርሽን ባሩ ጉዞውን አያጣም። ታይሮዱም አንግሉ አይለወጥም። ስለዚህ ዝቅ ብሎም እንደ ድሮው ይመቻል። ዋጋው ይበልጣል፤ ጎማውንም በየጎኑ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ዲስክ ፍሬን ከተጨመረ ይበልጥ ይወጣል፣ ፓራፋንጎውን ይነካል። ለዚህ ነው ብዙዎች አብረው ጠበብ ያለ ቱቦ የሚገጥሙት። አንዱ ዕቃ ሌላውን ይጠራል፣ ሂሳቡም አብሮ ያድጋል።

እኔ ከሁለቱ ብመርጥ ስፒንድል ነው የምመርጠው። አጀስተሩን ደግሞ ከፍታን ለማስተካከል ብቻ፣ ለትንሽ ሴንቲ ሜትር።

አሁን ስለ መንገዱ። ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ ከመሬት የሚርቀው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 6.3 ሲቀነስ 9 እንኳ አይሞላም። ከፊት መጀመሪያ የሚመታው የታችኛው ቱቦ ነው። ሰፈር ውስጥ በነዋሪው የተሠራ የፍጥነት መገደቢያ፣ ክዳኑ ከአስፋልቱ በላይ የቀረ ማንሆል፣ ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ አለ። መኪናው የእሁድ ጠዋት ከሆነና በቦሌ መንገድ የሚንሸራሸር ከሆነ ይቻላል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ ከሆነ አልመክርም።

ፊቱ ሲወርድ መሪው ለምን ይዋልላል?

ይህን ለብቻው ያነሣሁት ዝቅ ካደረጉ በኋላ “መሪው አልያዝ አለ” የሚሉ ሰዎች ስለሚበዙ ነው። መልሱ ካስተር ውስጥ ነው። ካስተር እግሩ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት አንግል ነው። ከታጠፈ በኋላ መሪው በራሱ ወደ መሐል እንዲመለስ፣ በፍጥነት ላይም ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ባለ ቦል ጆይንት ቮልስ ላይ ከ3 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል።

የፊትና የኋላ ጎማ ርቀቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ፊቱን ብቻ በ5 ሴንቲ ሜትር ካወረዳችሁት መኪናው በሙሉ ወደ ፊት 1.2 ዲግሪ ያዘነብላል። ያ ከካስተሩ ላይ በቀጥታ ይቀነሳል። 10 ሴንቲ ሜትር ካወረዳችሁት 2.4 ዲግሪ ይሄዳል፤ ካስተሩ አለቀ ማለት ይቻላል። የኋላውን ከፍ ማድረግም ያው ነው። ከተማ ውስጥ በ40 ላይታወቅ ይችላል። አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ90 ስትሄዱ፣ ከጎን ነፋስ ሲመጣ ይታወቃል። ቮልስ ፊቱ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በታችኛው ቱቦና በሻሲው ራስ መካከል የሚገባ የካስተር ሺም አለ። የታችኛውን ቱቦ ትንሽ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ አንግሉ ይመለሳል። ወፍራም ከሆነ ረዘም ያሉ ቡሎኖች ያስፈልጋሉ። ሺሙን ሳያዝዙ ዝቅ ማድረጊያ ዕቃ ማዘዝ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። ሌላው መንገድ ፊቱንና ኋላውን እኩል ማውረድ ነው። ያኔ መኪናው ስለማያዘነብል ካስተሩ አይነካም።

ከፍ ማድረግ

ብዙ ቮልስ እኛ አገር ዝቅ ከማለት ይልቅ ከፍ ይላል። መንገዱ ያስገድዳል። ፊቱን ለማንሣት የሚመረጠው ርካሽ መላ በሞላ የተጠቀለለ አሞርዛተር መግጠም ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ባለ ቱቦ ቮልስ ላይ አሞርዛተሩ የሚታሰርበት ቆሞ የሚታይ ብረት የተሠራው ንዝረት እንዲያበርድ ነው። የመኪናውን ክብደት እንዲሸከም አይደለም። ሞላው ክብደቱን ወደዚያ ሲያሸጋግር ብረቱ ሥሩ ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ በተለይ ባለ ቦል ጆይንቱ ላይ። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ በአጀስተሩ ወደ ላይ አዙሩትና ጥሩ አሞርዛተር ግጠሙ።

የመሪ ሳጥን፣ ሬክ ኤንድ ፒኒየን ወይስ ኤሌክትሪክ ፓወር?

ቮልስ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚጠቀመው ባለ ትልና ሮለር የመሪ ሳጥን ጥሩ ዕቃ ነው። ስሙን የሚያጠፋው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። መኪናው መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ መሪውን በጣት ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ። ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ቀለበት ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ ክፍተት አለ። አንድ ሰው መሪውን እያንቀሳቀሰ ሌላው ሥር ገብቶ ይይ። መጀመሪያ የመሪ ዘንጉንና ሳጥኑን የሚያገናኘውን ክብ ጎማ ተመልከቱ። ከተሰነጠቀ ክፍተቱ የዚያ ነው። ዋጋው ኢምንት ነው፤ ከተበጠሰ ግን መሪ የለም። ሲቀየር በላዩ የምታልፈውን ቀጭን ሽቦ መልሱ። የጥሩንባው ኧርዝ በዚያች ሽቦ ነው የሚሄደው። ሽቦዋ ከተረሳች ጥሩንባው ዝም ይላል፣ ኤሌክትሪሲያን ቤት ያንከራትታችኋል።

ቀጥሎ ታይሮድ ኤንዶቹን እዩ፤ ከዚያ የመሪ አሞርዛተሩን። ሳጥኑ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሳጥኑ ሲጠበቅ ልክ አለው። ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ታጠፉና መሪውን ልቀቁት። ከቀጥታ 45 ዲግሪ እስኪቀረው ድረስ በራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ሮለሩን እየበላ ነው። መሐሉ ላይ ተበልቶ ያለቀ ሳጥን በማጥበቅ አይድንም። መሐሉን ስታጠብቁት ዳርና ዳር ላይ ይነክሳል። ያኔ አዲስ ሳጥን መግዛት ነው።

ሬክ ኤንድ ፒኒየን፣ ማለት ጥርስ ያለው ቀጥ ያለ ብረት በትንሽ ጥርስ የሚነዳበት መሪ፣ ስሙ ሰውን ይስባል። ቮልስዋገን ራሱ ከነሐሴ 1974 ጀምሮ 1303 ላይ ገጥሞታል። ግን ያ ለስትራት እግር የተሠራ ነው። ባለ ቱቦ መኪና ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የቱቦ እግር ጎማውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ወደ ጎን አይወስደውም። ታይሮዱ ግን ቅስት እየሠራ ነው የሚንቀሳቀሰው። ታይሮዱ ባጠረ ቁጥር ቅስቱ ይጠባል፣ ጎማው በየጉድጓዱ ራሱን ይጠመዝዛል። ከሌላ ትንሽ መኪና የተነቀለ፣ ታይሮዱ ከዳርና ከዳር የሚወጣ ሬክ ቮልስ ላይ ሲበየድ የሚሆነው ይኸው ነው። እጃችሁ ሳይነካው መሪው ይጎትታችኋል።

ስለዚህ ሬክ ከተፈለገ ታይሮዶቹ ከመሐሉ የሚወጡበት፣ ለቮልስ ቱቦ ተለክቶ የተሠራ ኪት መሆን አለበት። የነዳጅ ታንኩ ከላይ ስለተቀመጠ ለመሪ ዘንጉ መታጠፊያ ያለው ቦታም ጠባብ ነው። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ታንኩ ሳይነካ ይገባል ወይ? ታይሮዶቹስ ከየት ነው የሚወጡት? በደንብ መመለስ ካልቻለ ተዉት።

ቱቦውን በሙሉ አውጥቶ በመንታ ክንድና በኮይል ኦቨር (ሞላ የተጠቀለለበት አሞርዛተር) የሚተካ ኪትም አለ። ሬኩ አብሮት ተሰልቶ ስለሚመጣ እንደ ጥቅል ጥሩ ነው። የሚገባው ግን የሞተሩ ጉልበት በብዙ ለተጨመረ፣ ዲስክ ፍሬን ላለው፣ ፍጥነት ለሚፈልግ መኪና ነው። በነባር 1300 ሞተር ኮብልስቶን ላይ ለሚሄድ ቮልስ ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ጥቅሙ አይታየኝም። ዕቃው ሲበላሽም መለዋወጫው ሶማሌ ተራ የለም፤ መኪናው ቆሞ ዘመድ ከውጭ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ከትናንሽ ዘመናዊ መኪኖች የሚወሰደው ኤሌክትሪክ ፓወር ዘንግ፣ ለምሳሌ የኦፔል ኮርሳው፣ በአሮጌ መኪኖች ላይ በሰፊው ይገጠማል። ቮልስ ግን 800 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከዚያም ፊቱ ላይ የሚያርፈው 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በደንብ የታደሰ የቮልስ መሪ በሁለት ጣት ይዞራል። ክንድ ወይም ትከሻ ለሚያመው ሰው ግን ይህ ዕቃ መኪናውን መንዳት መቀጠል ማለት ነው። ለእሱ ከልቤ እመክረዋለሁ። ሌላው ሰው መሪው የከበደው በ195 ጎማና በትንሽዬ የስፖርት መሪ ምክንያት ይሆናል። ነባሩ መሪ ስፋቱ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። 35 ስትገጥሙ ያው ጎማ በሰባት አንድ እጅ ያህል የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ጎማውን ወደ 165 መልሱትና እዩት።

ንፋስ

አንድ ነገር ከዕቃ ሁሉ በፊት። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ አራቱንም ጎማ እኩል 30 ወይም 35 ይሞላላችኋል። ለቮልስ ይህ ስህተት ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ከፊት 16–18፣ ከኋላ 24–27 ፒ.ኤስ.አይ. ነው የሚፈልገው። ፊቱ ከጠነከረ መኪናው ይዘላል፣ መሪው ይዋልላል፣ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ንፋሱን አስተካክላችሁ አንድ ሳምንት ንዱ። ጎሚስታውን ራሳችሁ ንገሩት፤ ሜትሩንም ቆማችሁ እዩ።

የኋላውን አትርሱ

ፊቱ ሲቀየር ኋላው መከተል አለበት። አብዛኛው ቮልስ ኋላው ስዊንግ አክስል ነው። ጎማው ከካምቢዮው ጎን ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይወዛወዛል። መኪናው ኋላው ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከሥራቸው ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። በፍጥነት ስትታጠፉ ኋላው ይነሳና የውጭው ጎማ ከሥር ሊታጠፍ ይችላል። መኪናውን የሚገለብጠው ይህ ነው። ስለዚህ ስዊንግ አክስል ያለውን ቮልስ ኋላውን ከፍ አታድርጉ። ትንሽ ዝቅ ማለት እንዲያውም ይጠቅመዋል። ከፍታ የግድ ካስፈለገ ጎማዎቹን ከሥር የሚደግፍ ካምበር ኮምፐንሴተር አብሮ ይገጠም።

ወደ አይ አር ኤስ መቀየር፣ ማለት እንደ 1969ኙ የአሜሪካ ሞዴል ባለ ሁለት መገጣጠሚያ አክስል ማድረግ፣ ትልቅ መሻሻል ነው። ግን የኋላው ቶርሽን ባር ቱቦ ላይ መያዣ ብረት መበየድ፣ ክንዶቹን፣ አክስሎቹንና ለዚያ የተሠራ ካምቢዮ ማግኘት ይጠይቃል። መያዣው በጂግ (ቦታውን በልኩ በሚይዝ መሣሪያ) ተለክቶ ካልተበየደ የኋላ ጎማዎች ወደ የት እንደሚያዩ አይታወቅም። በዓይን ግምት የሚበይድ በያጅ ጋ ይህን ሥራ አትስጡ።

የኋላውን ከፍታ ማስተካከል ግን ያለ አዲስ ዕቃ ይቻላል። የቶርሽን ባሩ ውስጠኛ ጫፍ 40 ጥርስ አለው፤ ውጨኛው 44። ውስጡን አንድ ጥርስ ስታዞሩ 9 ዲግሪ ይሄዳል። ውጨኛውን አንድ ጥርስ በተቃራኒው ስትመልሱ 8.2 ዲግሪ ያህል ይመለሳል። የቀረው ልዩነት 0.8 ዲግሪ ነው፤ ጎማው ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል። በዚህ ዘዴ ኋላውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ልክ ማስቀመጥ ይቻላል። ሁለቱም ጎን ላይ አንግሉን በዲግሪ መለኪያ እየለካችሁ ሥሩ። ቶርሽን ባሩን ከአክስሉ የሚያገናኘው ሳህን ብረት (ስፕሪንግ ፕሌት) ከማረፊያው ሲወርድ በኃይል ይወረወራል። ሰንሰለትና ክሪክ ሳይዙት፣ እጅ በአቅራቢያው ሳለ አይፈታም።

ዕቃው ከየት ይምጣ?

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ ስፒንድል፣ ቦል ጆይንት፣ ሺምና የመሪ መገጣጠሚያ ጎማ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ቱቦ አይገባም፤ ርዝመቱም ክብደቱም ለጭነት ነው። የትኛውን እንደምትፈልጉ ስትነግሩት የመኪናውን ዓመት ብቻ አትላኩለት። የእግሩን ፎቶ፣ የቡሎን ቁጥሩን፣ የቸርኬውን ስፋት ላኩለት። ኪንግ ፒን ያለው መኪና ላይ የቦል ጆይንት ስፒንድል አይገባም፤ መመለሻው ደግሞ ውቅያኖስ ማዶ ነው።

ጀርመን ያላችሁ አንባቢዎች ሌላ ሂሳብ አለባችሁ። እዚያ እግርና መሪ ሲቀየር የመኪና መርማሪው ድርጅት ቲዩፍ ማየትና ሰነድ ላይ ማስፈር አለበት። ዕቃውን ከነማረጋገጫ ወረቀቱ ግዙ። መኪናው የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ካለው ደግሞ ዘመናዊ መሪ ያንን ሰሌዳ ሊያሳጣው ይችላል። እናንተ ጋ ነባሩን የማደስ ምክንያቱ እጥፍ ነው።

ሲገጠም

መሪው መሐል ላይ ሳይሆን ታይሮድ አይታሰርም። ሳጥኑ መሐሉን የሚያሳይ ምልክት አለው። መጀመሪያ እሱ ይስተካከላል፣ ከዚያ የመሪው ቀለበት ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ታይሮዶቹ በርዝመት ይስተካከላሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። የመሪው ቀለበት ጠሞ ሲቀር ነቅለው ቀጥ አድርገው ይሰኩታል። ያኔ መኪናው ቀጥ ሲሄድ ሳጥኑ መሐሉ ላይ አይሆንም፤ ክፍተት ባለበት ቦታ ላይ ይሠራል። አዲስ ሳጥን ገዝታችሁ እንኳ መሪው የሚጫወተው በዚህ ነው።

የታጠፈ ታይሮድ በእሳት አሙቆ ማቃናት በየጋራዡ ይታያል። አይፈቀድ። የተሞቀ ብረት ጥንካሬውን ያጣል፤ አዲሱ ደግሞ ውድ አይደለም። ታይሮድ ኤንድ ከላይ ወደ ታች ሲገለበጥም ቀዳዳው ሾጣጣ ነውና በተራ ድሪል አይሰፋም። ቶርኖ ቤት በሾጣጣ መጥረቢያ ይሠራ። የኋላ ከበሮውን ፈትታችሁ ከነበረ ባለ 36 ዳዶው ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። በረጅም ቱቦ የሰው ክብደት ተጨምሮበት ማለት ነው፤ ከዚያ ዳዶውን የሚቆልፈው ፒን፣ ኮፒሊያው ይገባል።

ዊል አላይመንት የሚሠራው ከፍታው ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ነው። መኪናው ነዳጅ ይዞ፣ ስፔር ጎማው በቦታው ሆኖ፣ ንፋሱ በልኩ ሆኖ። ባለ ቦል ጆይንት ከሆነ ቶ ኢኑ (የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ የሚቀራረቡበት ልክ) በድምሩ 30 ደቂቃ፣ ማለት ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። የአላይመንት ማሽኑ ውስጥ የቮልስ መረጃ ከሌለ ሠራተኛው የሌላ መኪና ቁጥር እንዳያስገባ ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡት። ካስተሩንም እንዲያነብላችሁ ጠይቁ፤ ሺም ያስፈልግ እንደሆነ የምታውቁት ከዚያ ነው።

መጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ የቱቦውን አራት ቡሎኖች፣ የታይሮዶቹን መቆለፊያ ዳዶዎችና የመሪ መገጣጠሚያ ጎማውን ቡሎኖች ደግማችሁ አጥብቁ። አዲስ ቡሽና አዲስ ቶርሽን ባር ቦታውን ስለሚይዝ ፊቱ ትንሽ ይወርዳል። ቶ ኢኑ ያኔ እንደገና ይለካ፤ መኪናውን ለቦሎ ምርመራ የምትወስዱት ከዚህ በኋላ ነው።